በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ቀልድ

የእድራችንን ጡሩንባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መቼ እንደሆነ አላውቅም። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሁልጊዜም የነበረ ድምፅ ይመስለኛል። ገና ሲነጋጋ፣ ከእንጦጦ የወረደው ጉም ቆርቆሮው ላይ እንደተኛ፣ ከሩቅ ይመጣል። አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ይላል፤ ከዚያ የሰው ድምፅ ይከተላል። ቃሉ አይለይልኝም። ብርድ ልብሴን ወደ ጆሮዬ ስቤ፣ ከሕልሜ ሳልወጣ፣ አንድ ሰው መሞቱን አውቃለሁ። እናቴ ከወዲያኛው አልጋ "እህ… ማን ይሆን ደግሞ?" ትላለች። ልጅ ሳለሁ ሞት ከጉሙ ጋር ከተራራው የሚወርድ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁንም አንዳንድ የክረምት ጠዋት እንደዚያ ይመስለኛል።

አባቴ የእድሩ ጸሐፊ ነበር። እሱ ሲሞት መዝገቡ ወደ እኔ መጣ። ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ሽሮ ሜዳ፣ ጋቢና ነጠላ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ጀርባ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። የእድሩ ሰብሳቢ በአባቴ ሰልስት ዕለት ጠሩኝና "አንቺ ኮምፒውተር ትችያለሽ፣ በቃ፣ ያባትሽን ቦታ ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ።

ቀኑን ሙሉ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" እያለች የምትውል ሴት ከሁለት አንዱን ትሆናለች፤ ወይ ራሷ ማመልከቻ ትሆናለች፣ ወይ ነገር ሁሉ ያስቃታል። እኔን ያስቀኝ ጀመር። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ስለ ስላቅ አነብ ነበር፤ ያገኘሁትን ሁሉ። ትንሹን ነገር እስኪያስፈራ ድረስ ማጋነን፣ ትልቁን ነገር እንደ ዋዛ ማሳነስ፣ የላይኛውን ታች የታችኛውን ላይ ማድረግ፣ ነቀፋን ምስጋና ማልበስ። እያነበብኩ በመገረም ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። እናቴ ከሥራ አምሽቼ ስገባ "ምነው ቸኮልሽ ልጄ? ትንሽ ብትቆዪ እኮ ለቁርስ ትደርሺ ነበር" ትለኛለች። መጻሕፍቱ በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን ነገር እሷ ጫማዬን ሳላወልቅ ትጨርሰዋለች።

ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት ግን የሌላውን አነጋገር መዋስ ነበር። የምትሰልቀውን ሰው አትሰድበውም። የእሱን ቃል፣ የእሱን ቁጣ፣ የእሱን ክብር ትለብስና በእሱ አፍ ትናገራለህ፤ ሰሚው ራሱ "ኧረ ይሄ ነገር እብደት ነው" እስኪል ድረስ። ይህን ሳነብ ደረቴ ሞላ። የኮሚቴ ቋንቋ ከእኔ የተሻለ ማን ይችላል? እንጀራዬ ነው።

አሁን ወደ ጡሩንባ ነፊያችን ልምጣ። ከደቡብ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሽሮ ሜዳ በሽመና የጨረሱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ሽመናውን ትተው ጡሩንባውን ተቀበሉ። ሚስታቸው ቀድማ ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። ከእኛ ቤት በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጡሩንባውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ የሞተ ሰሞን ሊያጽናኑን መጥተው፣ ለእናቴ "እኔ እንግዲህ ዘመድ የለኝም፤ የሚቀብረኝ እድሬ ነው" አሉ። እንደ ማጉረምረም አልነበረም። ቤት እንዳለው ሰው ተረጋግተው ነበር ያሉት።

የእድራችን ደንብ ግን ለማንም አይመለስም። ለቅሶ ሲሆን፣ ቀብር ከመውጣቱ በፊት፣ እኩለ ቀን ላይ ድንኳን ውስጥ ስም ይጠራል። "አለሁ" ያለ አለ፤ ያላለ የለም። በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሌለ ይሰረዛል። ስም የሚጠሩት ተቆጣጣሪ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የወንድማቸው ስም ሲደርስ እንኳ ድምፃቸው አይለወጥም። እሳቸው አንድ እሑድ በኮሚቴ ስብሰባ መዝገቡን ገልጠው፣ ጡሩንባ ነፊው እስከዚያ ሳይሰረዙ ቢታለፉም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ስም ጥሪ ላይ እንዳልተገኙ አሳዩን። "ለሰው እየነፋ እሱ ቤቱ ገብቶ ይተኛል" አሉ። ሰብሳቢው ጢማቸውን እየነኩ "ደንብ ደንብ ነው" አሉ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው፤ አንድ ጊዜ ከቀሩ ይሰረዙ ተባለ።

እኔ አውቅ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንዲት ደንበኛ ቤት ወረቀት ላደርስ ወደ ሸጎሌ በሚኒባስ ስሄድ አይቻቸዋለሁ። ከእድራችን አባላት ብዙዎቹ ወደዚያ አዳዲስ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሄደዋል፤ ከእድሩ ግን አልወጡም። ካፊያ ነበር። በበግ ተራው፣ በጎቹና ነጋዴዎቹ መካከል፣ ጭቃው ውስጥ፣ አንድ ቀጭን ሰው ጡሩንባ ወደ ሰማይ አንስቶ ይነፋል። በጎቹ ግራና ቀኝ ተበተኑ። ከላይ ከፎቁ መስኮቶች አንዱ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። የሚኒባሱ መስታወት በትንፋሽ ስለተሸፈነ ነገሩ ሁሉ ነጭ ነበር፤ ድምፁ እንኳ ከሩቅ ዘመን የሚመጣ ይመስል ነበር። ያን ያህል መንገድ በእግራቸው መምጣታቸውን ያወቅኩት ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ መሆኑን ሳይ ነው። እንዴት ለስም ጥሪ ይመለሱ? ለሸጎሌዎቹ በስልክ ይነገራቸዋል ብለን እናስብ ነበር። እሳቸው ግን መርዶ በስልክ አይነገርም ባይ ናቸው።

ታዲያ በዚያ ስብሰባ ላይ ለምን ዝም አልኩ? ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ራሴን። በዕድሜ ከሁሉም አንስ ነበር፤ አንድ። ሁለተኛው ግን እውነተኛው ነው፤ ተቆጣጣሪው ሲናገሩ ቃለ ጉባኤው በጭንቅላቴ ውስጥ ራሱን መጻፍ ጀምሮ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም፤ ለቅሶ የሚጠራ ሰው ለቅሶ በመጥራቱ ከለቅሶ ቀረ ተብሎ ሊባረር ነው። ማጋነን እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ሰብሳቢው እየተናገሩ እኔ በልቤ ዐረፍተ ነገር እመርጥ ነበር።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ጻፍኩት። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው፦

"የጡሩንባ ነፊውን መቅረት በተመለከተ፤ ኮሚቴው ለቅሶ የሚጠራ ሰው ራሱ ለቅሶ እንደማይገኝ በከፍተኛ ሐዘን ተመልክቶ የሚከተለውን ወስኗል። ከእንግዲህ አባል ሲሞት ጡሩንባ ነፊው ከሁሉ አስቀድሞ ድንኳን ገብቶ ስሙ እስኪጠራ ይቀመጣል። ስሙ ተጠርቶ 'አለሁ' ካለ በኋላ ብቻ ሕዝብ ለመጥራት ይወጣል። ሕዝቡ እስኪሰበሰብ ሟች በትዕግሥት እንዲጠብቁ ኮሚቴው በአክብሮት ያሳስባል።"

ስጨርስ ብቻዬን ሳቅሁ። የጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ይህን ሳነብ አባላቱ ይስቃሉ፣ ተቆጣጣሪው ያፍራሉ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ "ኧረ እኚህ ሰውዬ ይተዉ" ይላል፤ ነገሩ በሳቅ ያልቃል። በሐሳቤ ስንት ጊዜ አየሁት። ዝናቡ እንኳ በሐሳቤ አባርቶ ነበር።

የረሳሁት አንድ ነገር የእድራችንን ልማድ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚነበበው በመጨረሻ ነው፤ ሰው ወገቡን ይዞ ሲነሣ፣ ወንበር ሲታጠፍ። ማንም አይሰማውም። ያን ዕለት ደግሞ የአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። እኔ በሚገባ ቃና፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቆም እያልኩ አነበብኩ። ሟች በትዕግሥት እንዲጠብቁ ስል ቀና ብዬ አየሁ። አንዲት ሴት ትስቃለች፤ ያሳቃት ግን አጠገቧ ያለችው ስልኳ ላይ ያሳየቻት ነገር ነው። ሰብሳቢው በዝናቡ ላይ ጮክ ብለው "ተቃውሞ ያለው? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" አሉ። እጆች ወጡ፣ እጆች ወረዱ።

ከፊት ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻ እጁን ጆሮው ሥር አድርጎ ሲያዳምጥ ነበር። ጡሩንባ ነፊው ናቸው። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደ እሺታ።

ወደ ቤት ስሄድ አዝኜ ነበር። መናገሩ ያሳፍራል፤ ያዘንኩት ለእሳቸው አልነበረም፣ ለቀልዴ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከእኛ ጀርባ ያለች የጎረቤታችን ባል ሞተ። ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ሴትየዋ የእኔ እኩያ ናት፤ የሰው ለቅሶ ላይ ወንበር ስትደረድር፣ ውኃ ስትቀዳ የማትታጣ። ጠዋት ወንድሟ ለሰብሳቢው ነገራቸው፤ ሰብሳቢው ለጡሩንባ ነፊው ደወሉ፤ እሳቸውም "እሺ" አሉ። ያን ቀን ከእንቅልፌ የነቃሁት በራሴ ጊዜ ነው። አንድ ነገር የጎደለ መስሎኝ ነበር፤ ጉሙ ከወትሮው የበዛ፣ ሰፈሩ በጥጥ የተጠቀለለ ይመስል ነበር። ስለ ሞቱ የሰማሁት ከእናቴ ነው፣ እሷም በአጥር ላይ ሰምታ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ መዝገቡን ይዤ ድንኳኑ ገባሁ። በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ቆመው ቀስ ብለው ይዘምራሉ። በሌላው በኩል የእኛ ወንበሮች ናቸው፣ ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በረድፍ በረድፍ፣ ባዶአቸውን። አጥር ለአጥር የምንዋሰን አሥራ ምናምን ሰዎች ብቻ ነበርን። መዝሙሩ ባዶ ወንበሮቹ ላይ እየተንሳፈፈ የሚያልፍ ይመስል ነበር። ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ የረሳው ስብሰባ ላይ ብቻዬን የተገኘሁበት ዓይነት ሕልም።

ከፊት፣ በመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ጡሩንባ ነፊው ተቀምጠዋል። ጫማቸው ንጹሕ ነው። ጡሩንባው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ከነመጠቅለያው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሮጬ "ይሂዱ፣ አሁን ይንፉ" ልላቸው ስል፣ ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አውርደው መጥራት ጀመሩ። ስም ይጠራል፣ ዝም። ስም ይጠራል፣ ዝም። የእሳቸው ድምፅ እንኳ እየሳሳ መጣ። የጡሩንባ ነፊው ስም ሲደርስ "አለሁ" አሉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ ተነሡና ጡሩንባውን ከነጠላው እየፈቱ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

"እንግዲህ ልሂድ፣ ሰው ልጥራ።"

"አልጠሩም እንዴ እስካሁን?" አሉ ሰብሳቢው።

"እንደ ውሳኔው ነው የተቀመጥኩት።"

ወጡና ከደጅ ነፉ። ጉሙ ውስጥ የጡሩንባው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ሰዎች ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ ጫማ ሳያስሩ፣ ከየበሩ ሲወጡ አስከሬኑ ከግቢው እየወጣ ነበር። ባለ ሐዘኗ ከፊት ነበረች። በእኔ በኩል ስታልፍ ቆም አለችና አየችኝ። አላለቀሰችም።

"ምን በደልናችሁ?" አለችኝ።

አስከሬኑን የያዘው መኪና ሄደ። እኔ ባዶ ድንኳኑ ውስጥ ቀረሁ፤ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየደራረብኩ አለቀስኩ። በሰልስቱ ሄጄ እግሯ ሥር ተቀምጬ፣ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "እሺ" አለች። ከዚያ በላይ እንድትል አልጠበቅኩም።

ከሰልስቱ በፊት ግን፣ በዚያው በቀብሩ ዕለት አመሻሽ፣ በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጡሩንባ ነፊው ነው። ክፍላቸው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሸጎሌ ደርሰው የተመለሱበትን ጭቃ በእንጨት ከጫማቸው ይፍቃሉ። ቀብሩ እንዳለቀ እያወቁም ሸጎሌ ድረስ ሄደው ነፍተዋል። ከላያችን ባሕር ዛፎቹ በጉሙ ውስጥ ጠብ ጠብ ይሉ ነበር።

"አባባ፣ ውሳኔ አልነበረም" አልኳቸው። "ቀልድ ነበር። እኔ ነኝ የጻፍኩት። በእርስዎ ላይ የሚደረገው ነገር እብደት መሆኑን ሰው እንዲያይ ብዬ ነው።"

እንጨቱን አስቀመጡ። "ቀልድ?"

"አዎ።"

"እስቲ ድገሚው።"

በቃሌ ደገምኩላቸው። ሟች በትዕግሥት እንዲጠብቁ የሚለው ጋ ስደርስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ። ጥርስ በሌለው ድዳቸው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ። ያን ነገር ሰምቶ የሳቀልኝ ሰው በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ።

"እሷ ግን ቀልድ መሆኑን አላወቀችም" አሉ። "ባውቅ ኖሮ እኔም አላሳዝናትም ነበር።"

"ሸጎሌ ድረስ እንደሚሄዱ ለምን ለኮሚቴው አልነገሩም?"

"ለሞተ ሰው የሄድኩትን መንገድ እንዴት አድርጌ እቆጥራለሁ ልጄ? ደግ አይደለም።" ጫማቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ሲናገሩ እኔን አላዩኝም። "ዛሬ እንኳ 'አለሁ' ብያለሁ። በሚቀጥለው ግን ልነፋ ከሄድኩ አልደርስም። ይሰርዙኛል አይደል?"

ጉሙ መካከላችን ገብቶ ፊታቸውን ሸፈነው፤ ሲገልጠው ዕድሜያቸው በአንድ ጊዜ የጨመረ መሰለኝ። ሰው እንዲህ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ሞትን አልነበረም የፈሩት፤ ብቻቸውን መውጣትን ነበር።

በወሩ መጨረሻ ጉባኤው ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ገና ሰው ሳይደክም፣ ሰብሳቢው "እንደምን ዋላችሁ" ብለው ሳይጨርሱ፣ ተነሣሁ። ወረቀት አልያዝኩም። ለመናገር ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም፤ የምዋሰው የማንም አፍ አልነበረም።

"ጡሩንባ ነፊያችን ከስም ጥሪ የሚቀሩት ሸጎሌ ድረስ በእግራቸው ሄደው አባሎቻችንን ስለሚጠሩ ነው" አልኩ። "በዓይኔ አይቻለሁ። እንዳይሰረዙ እለምናለሁ። ያለፈው ጥፋትም የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ውሳኔ ያልሆነውን የጻፍኩት።"

ጡሩንባ ነፊው ከፊት ወንበር ላይ ራሳቸውን ደፍተው ነበር። ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው መዝገቡን ገለጡ፣ አገላበጡ፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው በጡሩንባ ነፊው ስም ትይዩ ያለውን "የለም" ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ በአንድ ሰረዙት። ማንም ድምፅ ስጡ አላለም። ሁሉም ነገር ከአምስት ደቂቃ በታች ነው የፈጀው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በቀለለኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቂ ኖሮ ለምን አልነገርሽንም?" አሉኝ።

ጽፌው ነበር እኮ ልል አፌን ከፈትኩና፣ መልሼ ዘጋሁት።